ያልተነቀሰ ድድ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሚስታችሁን ድድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሷን አላልኩም፣ ድዷን ነው። እኔ አይቻለሁ፤ አይቼም በጣም ወድጄው ነበር። ይሄ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሙሉቀን እባላለሁ። ከቢቸና ሞጣ ሚኒባስ እነዳለሁ። ያን ጊዜ አመለኛ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬም ጨርሶ አልተወኝም። ተሳፋሪ «ኧረ ትንሽ ቀስ በል» ሲለኝ «ከቸኮልኩብህ ወርደህ በእግርህ ና» የምል ዓይነት። ሐኪም አላምንም፣ መካኒክ አላምንም፣ ሬዲዮ አላምንም። የማምነው መሪዬንና ባለቤቴን የሻረግን ብቻ ነበር።

የሻረግና እኔ ከተጋባን በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አጣን። ጸበሉንም ሐኪሙንም አዳረስነው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «እህ፣ ምን ተገኘ?» ማለቱን ትቶ፣ ስለ ልጅ ሲወራ እኛን እያየ ወሬ መለወጥ በጀመረበት ሰዓት ነው የፀነሰችው። ደስታዬን ለማንም አልደበቅሁም። ሆዷ ገና ሳይታይ መናኸሪያው በሙሉ «አባትየው» ይለኝ ጀመር።

እርግዝናዋ ላይ ያማራት በሶ ነበር። የሌላው ሰው ሚስት ብርቱካን ያምራታል፣ ጥሬ ሥጋ ያምራታል፤ የኔዋ ጠዋት በሶ፣ ከሰዓት በሶ፣ ስትተኛም በሶ! ገብሱን ትቆላና እትዬ አስካል ዘንድ ታስፈጨዋለች። እትዬ አስካል ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮ ቤቱን ብቻቸውን የያዙ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለየሻረግ ደግሞ ከእናት አይተናነሱም። «የዚች ልጅ በሶ ወረፋ አይጠብቅም፣ የቸኮለ ሌላ ወፍጮ ይሂድ!» እያሉ ሰዉን አስቁመው ይፈጩላታል። እኔ በሶ አይሆንልኝም። ውሎዬም መንገድ ስለሆነ ምሳዬንም እራቴንም ደብረ ወርቅ ወይ ሞጣ ሆቴል እበላለሁ። ይችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

አንድ እሑድ የሻረግ ስትስቅ ድዷ ጠቆር ብሎ አየሁት። እንዴት እንዳማረባት! በኛ አገር ሴት ድዷን በመርፌ ተጠቅጥቃ ስትነቀስ ትልቅ ጌጥ ነው፤ ጥርሱ ከጥቁሩ ድድ ላይ በረዶ ይመስላል።

«አንቺ! ሳትነግሪኝ ተነቀስሽ እንዴ?» አልኳት።

«ሂድ ወደዚያ! በዚህ ሆዴ ምን ልሁን ብዬ!» አለችኝ።

አላመንኳትም። እትዬ አስካልም አይተዋት «ተደብቀሽ ተነቅሰሽ ትክጂኛለሽ አይደል?» ብለው ትከሻዋን መታ አደረጓት። የሳቸው ድድ በልጅነታቸው የተነቀሰ ነው፤ ላይ ታቹ ጥቁር። የሻረግ መስታወት ፊት ቆማ አየችና «እንጃ፣ በራሱ ነው የጠቆረው። እርግዝናው ይሆናል» አለች። ነገሩ በሳቅ አለፈ።

ሌላውም በእርግዝናው አለፈ። ፊቷ መገርጣቱ፣ ደረጃ ስትወጣ መድከሟ፣ ሆዷ መድረቁ፣ ቁርጠቱ፣ ሁሉን ለእርግዝናው ሰጠነው። ለካ እርግዝና ተሸክሞ የማይችለው ነገር የለም!

ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጠዋት ሚኒባሱን ላሞቅ እንደወጣሁ ከቤት ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተጠቅልላለች።

«ምጥ ነው?»

«አይደለም! አንጀቴን ነው... እየጠመዘዘኝ ነው ሙሌ!»

እትዬ አስካል ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ደረሱ። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ በላስቲክ ጠርሙስ በሶ በጥብጠው መያዛቸውን አልዘነጉም፤ «በመንገድ ትጎነጫለች» ብለው። ቢቸና ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሙ ሆዷን ገና ሲነካው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቀዶ ጥገና ሊያስፈልጋት ይችላል። ዛሬ የቀዶ ሐኪም ያለው ሞጣ ነው፤ አትቆሙ፣ ሂዱ» አለን።

የዚያን መንገድ ጉድጓድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የኋላው ወንበር ላይ የሻረግ እትዬ አስካል ጭን ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ሲያጎነጯት ታስመልሳለች። እትዬ አስካል «ልጄ፣ ትንሽ ቀስ በል» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በል ተብዬ ቀስ አልኩ።

ሞጣ የተቀበለን የቀዶ ሐኪም ዶክተር ይበልጣል ይባላል። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። መረመራት፣ በአልትራሳውንድ አያት፣ ከዚያ ወደ ኮሪደር አወጣኝ።

«የልጁ ልብ ይመታል። የእናትየው ሆድ ግን አላማረኝም። አንጀቷ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ከታጠፈ ደም ያጣና ይሞታል፤ ቶሎ መክፈት አለብን።»

«ልጁስ?»

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምጥ ሊመጣባት ይችላል። ልጁ ደግሞ ገና ነው። አልዋሽህም፣ ልናጣው እንችላለን። እሷን ካላዳንን ግን ሁለቱንም እናጣለን።»

ፈረምኩ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ልጅ በአንዲት ፊርማ አለፈ አልኩ፤ ፊርማዬ የኔ አይመስልም ነበር።

የሻረግን ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ባለች ትንሽ ክፍል አስተኟት። ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ መጣች፤ ወይንሸት ትባላለች፣ የዚያው የሞጣ ልጅ ናት። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት አፍና ጥርስ ይታያል አሉ፤ ቱቦ ስለሚገባ።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ እናቴ። የሚነቃነቅ ጥርስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጎሽ።» ልታረጋጋት ፈልጋ መሰለኝ «ድድሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! ማን ነው የነቀሰሽ?» አለቻት።

«አልተነቀስኩም» አለች የሻረግ።

እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ «ትክዳለች እንጂ ተነቅሳለች» አልኩ። የፈራ ሰው አንዳንዴ ቀልድ ያመልጠዋል።

የሻረግ ያን ሁሉ ሕመም ይዛ ወደኔ ዞረች። «ማርያምን ሙሉቀን! አልተነቀስኩም አልኩህ እኮ!»

ወይንሸት እጇን ሰበሰበች። ባትሪዋን አበራችና ከንፈሯን ገልጣ እንደገና አየች፤ ላይኛውን፣ ከዚያ ታችኛውን። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። የአፏን መሸፈኛ ዝቅ አድርጋ የራሷን ድድ አሳየችኝ።

«እየው፣ እኔ ተነቅሻለሁ። እናቴ ናት በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ። ንቅሳት ድዱን በሙሉ ነው የሚያጠቁረው። የሷ ግን ከጥርሱ ሥር ሥር እንደ ክር ነው የሄደው። ንቅሳት እንዲህ አይሆንም።»

ወጥታ ሐኪሙን ጠራችው። እጁን ታጥቦ ለሥራ ተዘጋጅቶ ነበር። ትቶት መጣ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፤ ኩል ትኳያለሽ ወይ፣ ውኃ ከየት ነው የምትጠጡት፣ ቤታችሁ የመኪና ባትሪ ይጠገናል ወይ፣ ሆድሽ መድረቅ የጀመረው መቼ ነው።

ደሜ ፈላ። «ዶክተር! ሚስቴ እየሞተች ስለ ኩል ታወራላታለህ?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን ከክፍሉ ያስወጣኝ ነበር። እሱ ቀና ብሎ አየኝና «የምጠይቀው ላለመክፈት ምክንያት ስፈልግ ነው። ትንሽ ታገሠኝ» አለኝ። ከበሩ ላይ ገለል አልኩለት።

ደሟ ተወስዶ ላቦራቶሪ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ጠራኝና የላቦራቶሪው ባለሙያ አጠገብ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰኝ። ሮዝ፣ ክብ ክብ ነገር ሞልቷል። አንዳንዱ ክብ ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ በርበሬ ብን ብሎ እንደወደቀበት።

«ይሄ የሚስትህ ደም ነው። ጤነኛ ደም ላይ ይሄ ነጠብጣብ እንዲህ አይበዛም። እርሳስ ሰው ውስጥ ሲገባ ይህን ምልክት ይተዋል። ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም የምልህ፤ ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ነው። ደም ያሳንሳል፣ አንጀት ያኮማትራል፣ ድድ ላይ መስመር ያሰምራል። ነጠብጣቡ ብቻውን ቢሆን አላምነውም፣ ሌላ በሽታም ያመጣዋል። ከድዷና ከቁርጠቷ ጋር ሲሆን ግን...»

«ስለዚህ አትከፍታትም?»

«የእርሳሱን መጠን የሚለካ መሣሪያ እዚህ የለንም። ናሙናውን እንልካለን፣ መልሱ ግን ቀናት ይፈልጋል። ዛሬ መወሰን ያለብኝ እኔ ነኝ። እርሳስ ከሆነ የምከፍተው በከንቱ ነው፤ ልጁንም በከንቱ አጣዋለሁ። ታጥፎ ከሆነ ደግሞ መጠበቄ ይገድላታል። እንደኔ እንደኔ እንጠብቅ። ከአጠገቧ አልርቅም። ሆዷ ከጠነከረ ወይ ካተኮሳት እዚያው እንከፍታለን። ትስማማለህ?»

«የራስህ እህት ብትሆንስ?»

«ይህንኑ ነው የማደርገው።»

ማንንም የማላምነው ሰውዬ አመንኩት። ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ሁሉን አውቃለሁ ስላላለኝ ነው። የማያውቀውን ከነፍርሃቱ ነገረኝ።

ስንመለስ የሻረግ በደም ሥሯ ፈሳሽና የቁርጠት ማስታገሻ ተደርጎላታል። እትዬ አስካል አጠገቧ ተቀምጠው እግሯን ያሻሉ። ሐኪሙ «እሷ የምትበላው፣ አንተ የማትበላው ምንድን ነው?» አለኝ።

ሳላስበው «በሶ» አልኩ።

እትዬ አስካል ልክ ያን ሰዓት ጠርሙሱን ከፍተው በክዳኑ እየቀዱ ነበር። «ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዷን እኮ ነች» አሉ። ሐኪሙ ጠርሙሱን ከእጃቸው በቀስታ ተቀበላቸው።

«እናቴ፣ ገብሱ የት ነው የተፈጨው?»

«እኔ ዘንድ ነዋ! ቢቸና ውስጥ እንደኔ ወፍጮ አድቅቆ የሚፈጭ የለም።»

«በቅርቡ ተጠግኗል?»

«ተጠግኗል እንጂ! የሚሽከረከረው ድንጋይ መሐሉ ላይ፣ ብረቱ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፍቶብኝ ድንጋዩ ይንገጫገጭ ነበር። አንድ ጥሩ ጠጋኝ አገኘሁ፤ የቀዳዳውን ዙሪያ ሞልቶ እንዲህ ጥብቅ አድርጎ አሠረልኝ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮዬ ድምፁም አይሰማ...»

«በምን ነው የሞላው?»

«የመኪና ባትሪ ሰብሮ... ውስጡ ያለውን እርሳስ...» ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። «...አቅልጦ አፈሰሰበት።»

ሐኪሙ «ድንጋዩ ሲዞር እርሳሱ እየተፋቀ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል» አለ፤ ሊያስቀይማቸው እንዳልፈለገ ያስታውቅበታል። «ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደደረሰ ተማሪ ሳለሁ ሰምቻለሁ።»

«እስቲ የኔንም ደም እዩልኝ» አሉ እትዬ አስካል።

አፋቸውን ከፈቱ። ንቅሳታቸው ላይ ምንም አይታይም፤ ጥቁር በጥቁር ነው። ደማቸው ግን ተናገረ። ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ እሳቸውም ጋ ነበር። ለካ የኛው ጌጥ ምልክቱን ደብቆባቸው ኖሯል፤ የሻረግን ያተረፋት ደግሞ ጌጥ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ አመሌን ነግሬያችኋለሁ። ስድቡ ሁሉ አፌ ድረስ መጣ። በሶ በሶ እያሉ፣ ከሰው ፊት አስቀድመው እየፈጩ፣ በጠርሙስ እየበጠበጡ! እትዬ አስካል ፊቴን አዩት።

«ስደበኝ ልጄ፣ ይገባኛል። መጀመሪያ ግን ስልክህን ስጠኝ፤ የኔ ሒሳብ የለውም።»

ሰጠኋቸው። ወፍጮ ቤት ላለው ሠራተኛቸው ደወሉ።

«ሞተሩን አጥፋው... አሁን! ገና ያልተፈጨውን ለየባለቤቱ መልስ። ... ወረፋው ይበተን! ... አውቃለሁ፣ የሰርግ ሰሞን መሆኑን እኔ አጣሁት? ... ለምን ካሉህ እውነቱን ንገራቸው። የአስካል ወፍጮ ሰው መርዟል፣ ያስፈጫችሁትን እንዳትበሉ ብላለች በላቸው። አዎ፣ እንዲሁ በል! ለኔ ብለህ እንዳታሳምረው!»

ስልኩን መለሱልኝና ተመልሰው የሻረግን እግር ማሻሸት ጀመሩ። እንባቸው ይወርዳል፣ እጃቸው አይቆምም። ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን «የኔ ወፍጮ ላይሆን ይችላል፣ ውጤቱ ይምጣና እናያለን» እል ነበር። ውጤት የሚጠብቅ ሰው እኮ ጥፋተኛ አይባልም። እሳቸው ግን አንድም ሰዓት አልጠበቁም።

ያ ቀን አልመሽ አለ። ሐኪሙ ይመጣል፣ ሆዷን ይነካል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ወይንሸት ተራዋ አልቆ ልብሷን ከቀየረች በኋላ እንኳ ሁለት ሦስቴ ብቅ አለች። ከሰዓት በኋላ የሻረግ ግንባር የሞቀ መሰለኝና ሮጬ ጠራኋቸው፤ የሞቀው የኔ እጅ ነበር። እየዋለ ሲሄድ ጩኸቷ ወደ ማቃሰት፣ ማቃሰቷ ወደ እንቅልፍ ሄደ። ሆዷ ላይ እጄን ሳደርግ ልጁ ረገጠኝ። ኧረ እንዴት ደስ ይላል!

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የሻረግ ከቀናት ድርቀት በኋላ ሽንት ቤት ሄደች። አንጀቷ አልታጠፈም ማለት ነው! በዚህ ነገር እልል የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ አስካል እልል አሉ፣ አስታማሚው ሁሉ «ወንድ ነው ሴት?» እያለ መጣ። ዶክተር ይበልጣል ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሳቀው። እሱም ለካ እንደኔ ሲፈራ ኖሯል።

ቢቸና ስንመለስ እትዬ አስካል ቤታቸው አልገቡም፤ በቀጥታ ወፍጮ ቤቱ። ድንጋዩን አስወጥተው በር ላይ በመዶሻ አስፈረከሱት። እርሳሱ ሰው አንስቶ መልሶ እንዳይጠቀምበት ለጤና ቢሮ ሰዎች አስረከቡ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። ዱቄቱን ላመጣላቸው ሁሉ ከራሳቸው ጎተራ እህል ይተኩለታል፣ «ልጆችህን ይዘህ ሂድና ደም አስመርምር» ይሉታል። የተሳደበ ተሳደበ፣ የረገመም ነበር። «ልክ ነህ» እያሉ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። እህሉን የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ ስሙንና ክብሩን የሚሰጥ ግን ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። የተላከው ናሙና ሲመለስ የዶክተሩን ግምት አረጋገጠ፤ ሆዳቸውን ሲያማቸው የኖሩ ሌሎች ሰዎችና ልጆችም ተገኙ። ማንም አልሞተም።

እንግዲህ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እኔን ይህ ነገር ምን አደረገኝ ብትሉ፣ መጠየቅ አስተማረኝ። እኔ የምወደው ሰው ሰውነት ላይ ምልክት አይቼ አማረብሽ ያልኩ ሰው ነኝ። ሰውነት የገባበትን ነገር ዝም ብሎ አይዝም፤ በደም፣ በድድ፣ በአጥንት ይናገራል። ሳትነቀሱ ድዳችሁ ከጥርሱ ሥር ከጠቆረ፣ ሆዳችሁ ያለምክንያት እየደረቀ ከቆረጣችሁ፣ ፊታችሁ ከገረጣ፣ ሐኪም ጋ ሂዱና ይህችን ምልክት ንገሩት። ወፍጮ ቤት ስትሄዱም ድንጋዩ በምን ታሠረ ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ቢቆጣ ይቆጣ። ተሳፋሪ ቀስ በል ሲለኝም አሁን ቀስ እላለሁ፤ አጉረመርማለሁ፣ ግን ቀስ እላለሁ።

የሻረግ በወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ እርሳስ አጥንት ውስጥ ተደብቆ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ሁለቱም ለብዙ ጊዜ ክትትል ይፈልጋሉ ብለውናል። በየጊዜው ደማቸው ይላካል፤ በልጅቱ ደም ውስጥም ትንሽ ተገኝቶ ነበር፣ እየቀነሰ ነው። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ሄዷል ብል እዋሻችኋለሁ። እያንዳንዱን ቃል ስትናገር፣ እያንዳንዱን እርምጃ ስትራመድ አያታለሁ።

ክርስትና ማን ያንሳት ሲባል እኔ የዘመዶቼን ስም መቁጠር ጀመርኩ። የሻረግ ግን «ወፍጮዋን ለኔ ብላ ያቆመች ሴት እያለች ማንን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። እትዬ አስካል አነሷት።

ዛሬ በሌላ ድንጋይ ይፈጫሉ፤ ሰዉም ተመልሶላቸዋል። እኛ ቤት ሲመጡ ግን ከመቀመጣቸው በፊት ልጅቱን አቅፈው ወደ በሩ ብርሃን ይወስዷታል። በአውራ ጣታቸው ከንፈሯን ገልጠው ያያሉ። ልጅቱም ጨዋታ መስሏት አሁን አሁን ሳትጠየቅ ራሷ አፏን ትከፍትላቸዋለች።

«ቀይ ነው» ይላሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ።